የካርዱ ሁለተኛ መስመር

የሲስተር ቤት ከመገናኛ ወደ ላምበረት ሲኬድ በስተግራ፣ ዳገቱ ላይ ነው። ንፋሱ ወደ ላይ ሲነፍስ «አያት! ሲኤምሲ!» የሚለው የታክሲ ረዳቶች ጩኸት በረንዳው ድረስ ይመጣል። ከቤቱ ጀርባ የየካ ተራራ ባሕር ዛፍ እየተያያዘ ወደ እንጦጦ ይወጣል።

እኔ የግቢው ተከራይ ነኝ። የተማርኩት የጤና መረጃ ቴክኒሻንነት ነው፤ በመሥሪያ ቤት ቋንቋ ኤች አይ ቲ፣ በታካሚው ቋንቋ «ካርድ ክፍል ያለው ልጅ»። ሲስተር ሠላሳ ዓመት ነርስ ነበሩ፣ የመጨረሻዎቹን ዓመታት ኪሞ በሚሰጥበት ክፍል። ጡረታ ቢወጡም ሥራው ከእሳቸው አልወጣም። ከደሴ መስመር የሚመጣ አውቶቡስ ላምበረት መናኸሪያ ስለሚያራግፍ፣ ከወሎ ለሕክምና የሚመጣ ዘመድ ሁሉ መጀመሪያ የሚያርፈው እሳቸው ዘንድ ነው። አሁን ያለችው እንግዳ የአጎታቸው የልጅ ልጅ ናት፤ ከደሴ ወዲያ ካለ ገጠር መጥታ ለጡት ካንሰር ትታከማለች።

የሐምሌ ዝናብ ገና ማባራቱ ነበር። መጽሐፌን ታቅፌ በረንዳው ላይ ወጣሁ።

ሲስተር፦ ቡናው ዛሬም ከፔርሙዝ ነው፣ ቅር እንዳይልህ። ሲቆላ ሽታው ይቀሰቅስባታል። ዕጣን ካጨስኩ አሥር ቀን ሆነኝ፣ እኔ ወሎዬዋ!

እኔ፦ ምንም አይደል ሲስተር። እሷስ እንዴት ዋለች?

ሲስተር፦ ማስመለሱ ተወት አድርጓታል፤ አሁን አፏ ነው የተላጠው። አጥሚቱን አቀዝቅዤ ነው የምሰጣት። ቅድም ሙቀቷን ለካኋት፣ 37.6 ነው። ቆይቼ እደግመዋለሁ። ይኼ ድንጋይ የሚያክል ነገር ምንድን ነው?

እኔ፦ የኮድ መጽሐፍ ነው። እህቴ ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ በሰው ላከችልኝ። እዚያ ሥራዋ ይኸው ነው፤ ሐኪሙ ካርድ ላይ የጻፈውን እያነበበች ወደ ኮድ መለወጥ። አንተም ተፈተን ብላኛለች። አሜሪካኖቹ ዓለም አቀፉን የበሽታ ምደባ፣ አይሲዲ 10ን፣ ለራሳቸው አርብተውት ከ70,000 በላይ ኮድ አድርገውታል። ዳክዬ የነከሰው ሰው እንኳ የራሱ ኮድ አለው።

ሲስተር፦ ዳክዬ! እንግዲያው እንግዳዬን ኮድ አድርጋት።

እኔ፦ ሲ 50። የጡት ካንሰር።

ሲስተር፦ እሱማ ካርዷ ላይ አሥር ቦታ ተጽፏል። ዛሬ አልጋ ላይ ያዋላት ጡቷ ነው እንዴ? ጡቷ ከተቆረጠ ቆየ፣ ቁስሉም ድኗል።

እኔ፦ እኔም ተይዤ የቀረሁት እዚሁ ምዕራፍ ላይ ነው። መጽሐፉ መጀመሪያ ጉዳቱን ጻፍ ይላል፤ በኪሞ ምክንያት የመጣው የአፍ መላጥ ኬ 12.31 ነው። ቀጥሎ በሁለተኛው መስመር ጉዳቱን ያመጣውን፦ ቲ 45.1 ኤክስ 5 ኤ።

ሲስተር፦ የመኪና ታርጋ ነው'ኮ።

እኔ፦ ታርጋ ነው። ቲ 45.1 የካንሰር መድኃኒቶች ሰፈር ነው። ኤክሷ ቦታ ከመያዝ በቀር ሥራ የላትም። ኤ ደግሞ ለዚሁ ጉዳት አሁን እየታከመች ነው ማለት ነው። ነገሩ ያለው 5ቷ ላይ ነው። ትክክለኛው መድኃኒት፣ በትክክለኛው መጠን፣ ለትክክለኛው ሰው ተሰጥቶ፣ እንዲያም ሆኖ ጎዳ ማለት ነች። መጠኑ በዝቶ ወይም የሌላ ሰው መድኃኒት ተሰጥቷት ቢሆን 5 አይገባም፤ ስሙም መመረዝ ይሆናል። ያነሰ ወይም የተቋረጠ ከሆነ 6 ነው።

ሲስተር፦ ማንም ሳያጠፋ የደረሰ ጉዳት። ይኼን 5 ወደድኩት።

እኔ፦ እንዴት?

ሲስተር፦ እኛ ዘንድ «ኪሞው ጎዳት» ብለህ ካርድ ላይ ስትጽፍ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ማን ነው የሰጣት?» ነው። ስለዚህ ብዕሩ ይሸሻል። ደግሞ ሌላም አለ፤ ኪሞ እንደሚያስመልስ፣ ፀጉር እንደሚያረግፍ ማን የማያውቅ አለና ይጻፋል? የሚታወቅ ነገር አይጻፍም። ስንቱ ነገር ስለሚታወቅ ብቻ ሳይጻፍ ቀረ።

እኔ፦ እኔም ከዚያኛው ጫፍ የማውቀው ይህንኑ ነው። ሐኪሙ አንድ መስመር ይጽፋል፣ እኔ አንድ መስመር ወደ መዝገብ እገለብጣለሁ፣ ከመዝገቡ እቆጥራለሁ፣ ቁጥሩን ኮምፒውተር ላይ የጤና ሪፖርት መሰብሰቢያው ዲኤችአይኤስ 2 ውስጥ አስገባለሁ። ከዚያ በኋላ ያ ቁጥር የአገር ቁጥር ነው። ሴትየዋ በአፍ ቁስል መጣች፣ በደም ማነስ መጣች፣ በትኩሳት መጣች፣ እኔ ጋ ስትደርስ ሁልጊዜ ሲ 50 ናት። አሜሪካኖቹ ግን ግልጽ ደንብ አላቸው። የደም ማነሱ ከካንሰሩ ከሆነ ካንሰሩ ይቀድማል። ከኪሞው ከሆነና ዛሬ የታከመችው ለደም ማነሱ ብቻ ከሆነ፣ የደም ማነሱ ከላይ ይጻፋል፣ ካንሰሩ ይከተላል።

ሲስተር፦ ዛሬ ያመጣሽ ምንድን ነው፣ ብሎ መጠየቅ ነዋ።

እኔ፦ ያው ነው።

ሲስተር፦ ሲ 50 ሆና ብትቆጠር እንኳ አንድ ነገር ነው። አንድ ጊዜ የሆነውን ልንገርህ፤ ቦታውን አልጠራም። ሦስተኛ ዙሯን ወስዳ አገሯ የገባች ሴት ነበረች። በዘጠነኛው ቀን ትኩሳት ያዛት፣ በአቅራቢያዋ ወዳለ ሕክምና ቤት ሄደች። ሻሽ አስራለች፤ ፀጉሯ መርገፉን ማን ያያል? እሷም አልተናገረች፣ ካንሰር የሚለውን ቃል ጎረቤት እንዳይሰማባት። ደም ተወሰደ፣ ዊዳል ተሠራ፣ «ታይፎይድ ነው» ተባለች።

እኔ፦ ዊዳል እኮ ድሮ ይዞ የለቀቀንም ያነሳል።

ሲስተር፦ ኪኒን ይዛ ቤቷ ገባች። በሦስተኛው ቀን ሞተች። እኛ ዘንድ የቀጠሮዋ ቀን ስሟ ተጠራ፣ የለችም፤ «ሕክምና ያቋረጠች» ተብላ ተጻፈች። ከስንት ጊዜ በኋላ ለሌላ ሰው ሕክምና የመጣ ዘመዷ ነው የነገረን።

እኔ፦ ስለዚህ በአንደኛው መዝገብ ታይፎይድ ናት፣ በሌላው ያቋረጠች።

ሲስተር፦ ኪሞ በሁለቱም የለም። ልብ በል፣ ኪሞ ካንሰሩን ብቻ ለይቶ አይመታም፤ ቶሎ ቶሎ የሚባዛ ሴልን ሁሉ ነው። የፀጉር ሥር፣ የአፍ ቆዳ፣ መቅኔ። ነጭ የደም ሴል ከሰባተኛው እስከ አሥራ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ ወለሉን ይነካል። ኒውትሮፊል ከ500 በታች ሲወርድ መግል የሚሠራ እንኳ የለም፤ ሳንባዋ ታሞ ራጁ ንጹሕ ሊመስል ይችላል። የሚቀርህ ምልክት ትኩሳት ብቻ ነው። አንድ ጊዜ 38.3 ከደረሰ፣ ወይም 38 ሆኖ አንድ ሰዓት ከቆየ፣ ነገ እንይ አይባልም፤ አንቲባዮቲክ በደም ሥር፣ በተቻለ መጠን በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ። ፓራሲታሞል ያልሰጠኋትም ለዚህ ነው፤ ትኩሳቱን ይደብቅብኛል። ቆይ፣ ገብቼ ልያት።

(ሲስተር ገብተው ወጡ። ፊታቸው ላይ ምንም አላየሁም፤ የነርስ ፊት ነው።)

ሲስተር፦ 37.9። ብርድ ብርድ አላት። ቡናህን ጠጣ፤ 38 ቢሻገር አላስጨርስህም።

እኔ፦ ለእሱ ኮዱ ዲ 70 ነው፤ የነጭ ደም ሴል መመናመን። ከሥሩ ያው የመድኃኒቱ መስመር ይከተላል። ካልተከተለ ግን ከምን እንደመጣ አይታወቅም።

ሲስተር፦ ቅድም መመረዝ አልክ። ታካሚዎቼም እኮ እንደዚያው ነው የሚሉት። «ዛሬ መርዜን ልወስድ ነው» ትልሃለች፣ እየሳቀች። ውሸትም አይደለም። እሷ የምትወስደው ኤ ሲ ይባላል፤ ሲዋ ሳይክሎፎስፋማይድ ናት። የማን ዘር እንደሆነች ታውቃለህ?

እኔ፦ የናይትሮጅን መስተርድ።

ሲስተር፦ የይፐሪት፣ የሰናፍጭ ጋዙ፣ የአክስት ልጅ በለው። አያቴ ማይጨው ዘምተው ነበር። በ1928 ዓ.ም. ሠራዊቱ በአሸንጌ በኩል ሲመለስ፣ ከአይሮፕላን እንደ ጠል ያለ ነገር ወረደብን ይሉ ነበር። እግራቸው ተልጦ፣ ዓይናቸው ቆስሎ ቤታቸው ገቡ። ከዚያ በኋላ ሲያስላቸው ነው የኖሩት። ሲሞቱ ምን ተባለ? «ሳንባ ነክቷቸው ነው።» በቃ።

እኔ፦ ኢጣሊያም ጋዙን መጣሏን በይፋ ያመነችው በ1988 ዓ.ም. ነው፣ ስልሳ ዓመት ቆይታ። የሚገርመው መድኃኒቱም የተገኘው ከዚሁ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1942 የል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሉዊስ ጉድማንና አልፍሬድ ጊልማን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ናይትሮጅን መስተርድን የሊምፍ ካንሰር ለያዘው ሰው ሰጡ፤ በጦርነቱ ምክንያት ምስጢር ነበር። በ1936 ዓ.ም. ኅዳር ወር ደግሞ፣ በእኛ አቆጣጠር፣ ጀርመኖች ኢጣሊያ ውስጥ የባሪን ወደብ በአይሮፕላን ደበደቡ። ጆን ሃርቪ በተባለች የአሜሪካ መርከብ ላይ ማንም ያልተነገረው 2,000 ያህል የሰናፍጭ ጋዝ ቦምብ ተጭኖ ነበር። መርከበኞቹ ዘይትና ጋዝ በተቀላቀለበት ባሕር ውስጥ ዋኙ። ሐኪሞቹ ምን እንደሚያክሙ አያውቁም። ስቱዋርት አሌክሳንደር የተባለ ወታደራዊ ሐኪም መጥቶ ደማቸውን ሲያይ ነጭ ሴሉ ወርዷል።

ሲስተር፦ ነጭ ሴሉ! እኛ በየሦስት ሳምንቱ በሲቢሲ ምርመራ የምናስለካው።

እኔ፦ እሱ ራሱ። እንግሊዞቹ ግን በቸርችል ትእዛዝ በመዝገባቸው ላይ የጋዝ ሟቾቹን ያሰፈሩት በጠላት ጥቃት የደረሰ ቃጠሎ ብለው ነው።

ሲስተር፦ ቃጠሎ?

እኔ፦ ቃጠሎ። የመርከቧ ጭነት ምስጢር ባይሆን ኖሮ ስንቱ በትክክል በታከመ ይላሉ። የኤ ሲ ኤዋም ከዚያው ከባሪ አካባቢ ናት፤ ዶክሶሩቢሲን፣ አድሪያማይሲን የሚሏት። ዘሯ የተገኘው ከባሪ ብዙም በማይርቅ፣ ካስቴል ዴል ሞንቴ ከሚባል ጥንታዊ ግንብ አጠገብ ከተቆፈረ አፈር ነው። ስሟም ከአድሪያቲክ ባሕር ነው የወጣው።

ሲስተር፦ ቀዩ መድኃኒት የጣሊያን ነው? ይኼን ሁሉ ዓመት በእጄ ስሰጠው አላወቅኩም። አየህ፣ ቀይ ስለሆነ ሽንትም ያቀላል። እንግዳዬ የመጀመሪያ ቀን ሽንት ቤት ገብታ ጮኸች፤ ደም ሸናሁ ብላ። አብሽሪ፣ ቀለሙ ነው አልኳት። ለእሱም ኮድ አለ እንዳትለኝ።

እኔ፦ ለእሱስ አልፈልግለትም። ለአያትዎ ግን አለ። በዓለም አቀፉ አይሲዲ 10 ላይ ዋይ 36.7 በጦርነት በኬሚካል መሣሪያ የተጎዳ ማለት ነው። እንግዳዎ ደግሞ ዋይ 43.3፣ ለሕክምና በተሰጠ የካንሰር መድኃኒት የተጎዳች። አንድ ምዕራፍ ውስጥ ናቸው፤ ጥቂት ገጽ ብቻ ነው የሚለያያቸው።

(ሲስተር ሲኒያቸውን አስቀምጠው ዝም አሉ። ከታች አንድ የጭነት መኪና ዳገቱን እያቃሰተ ወጣ።)

ሲስተር፦ ይሁን። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። አሜሪካ ኮዱ ገንዘብ ነው፤ ኮድ ከሌለ ኢንሹራንሱ አይከፍልም። ስለዚህ ይጻፋል፣ አንዳንዴም ከሚገባው በላይ ይጻፋል። እዚህ ኮድ ብትጽፍ የማንን አፍ ያድናል?

እኔ፦ የዛሬዋን አያድንም።

ሲስተር፦ ጎሽ፣ እውነት ተናገርክ።

እኔ፦ የከርሞዋን ግን… ነጭ ሴል የሚያነሳው መርፌ፣ ፊልግራስቲም፣ በእርስዎ ጊዜ ክፍሉ ውስጥ ነበር?

ሲስተር፦ አንዳንዴ። አብዛኛውን ጊዜ ታካሚው ከውጭ ነበር የሚገዛው፤ የቻለ።

እኔ፦ ለሚቀጥለው ዓመት ስንት እንደሚገዛ በምን ነበር የምትገምቱት?

ሲስተር፦ ባለፈው ዓመት በወጣው ልክ ነዋ። ስቶክ ካርዱን አይተህ።

እኔ፦ ስቶክ ካርዱ ላይ ያልነበረ መድኃኒት ምን ያህል ወጣ ይላል?

ሲስተር፦ ዜሮ… አሃ።

እኔ፦ ዜሮ የወጣ ዜሮ ይገዛለታል። ከዚያ አዙሪት የሚያወጣው ሌላኛው ስሌት ነው፤ ስንት ሰው ታመመ ብሎ የሚነሳው። እሱ የሚሠራው ደግሞ ዲ 70 እና ከሥሩ ያለችው መስመር ከተጻፉ ብቻ ነው። የአዲስ አበባ የካንሰር ምዝገባ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ጥቁር አንበሳ ውስጥ አለ። ስንት ሰው ካንሰር እንደያዘው፣ የትኛው ካንሰር እንደሆነ ይነግረናል። የጡትና የማኅፀን በር ካንሰር በሴቶቻችን ላይ እንደሚበዛ በቁጥር የምናወራው በእንዲህ ያለ ምዝገባ ነው። ሕክምናው ምን እንዳደረሰባቸው ግን ከእሱ አይጠበቅም፤ ሥራው አይደለም።

ሲስተር፦ ያቺን 6 ቁጥር ንገረኝ እስቲ። ያነሰ ወይም የተቋረጠ ያልካትን።

እኔ፦ ቲ 45.1 ኤክስ 6። እሷ ብቻዋን አትበቃም፤ ለምን እንደተቋረጠ ሌላ ኮድ ይጨመርላታል። ለምሳሌ ዜድ 91.120፣ ታካሚው በገንዘብ ችግር ምክንያት ሆን ብሎ መድኃኒቱን ሲያሳንስ።

ሲስተር፦ ሆን ብሎ?

እኔ፦ መጽሐፉ ነው የሚለው።

ሲስተር፦ ይቺ ልጅ ሁለተኛውን ዙር በሁለት ሳምንት ዘግይታ ነው የወሰደችው። መንገዱ ተዘግቶ አንድ ሳምንት፣ የመሳፈሪያና የመድኃኒቱ ገንዘብ እስኪገኝ ሌላ ሳምንት። በሬ ተሽጦ ነው የመጣችው። ሆን ብላ በልና ጻፍ እስቲ፣ እዚሁ ፊቴ።

እኔ፦ አልጽፍም።

ሲስተር፦ አትጻፍ። እነሱ አገር ኪኒኑን ለሁለት ሰብሮ የሚውጥ ሰው ታይቷቸው ይሆናል። የእኛ ሌላ ነው። ለተዘጋ መንገድ ኮድ አላቸው?

እኔ፦ ለብቻው አላየሁም።

ሲስተር፦ ለዳክዬው አላቸው።

(ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፣ ግን አንጀቴ አልሳቀም። እውነቱን ለመናገር ያን ገጽ ሳነብ «ሆን ብሎ» የምትለው ቃል ምንም አላለችኝም ነበር፤ ለፈተና ሸምድጃት አልፌያለሁ።)

እኔ፦ ቅድም የወደዷት 5ም ብትሆን አንድ ነገር ታምናለች። ብልቃጡ ውስጥ ያለው፣ ብልቃጡ ላይ የተጻፈው ነው ብላ። እ.ኤ.አ. በ2025 ላንሴት ግሎባል ሄልዝ ላይ የወጣ ጥናት ነበር፤ ከኢትዮጵያ፣ ከኬንያ፣ ከማላዊና ከካሜሩን የካንሰር መድኃኒቶች ተሰብስበው ተመረመሩ። ከስድስት አንዱ ያህል የጥራት መስፈርቱን አላለፈም። አንዳንዱ ውስጥ መድኃኒቱ ከሚገባው በጣም ያነሰ ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ ይበልጣል። የትኞቹ ነበሩ ቢሉ፣ ሳይክሎፎስፋማይድም ዶክሶሩቢሲንም ከተመረመሩት ናቸው።

ሲስተር፦ እንዲህ ከሆነ እኔ ስሰጥ የኖርኩት…

እኔ፦ እርስዎ ምን ያድርጉ? የሚያዩት ብልቃጡን ነው።

ሲስተር፦ አውቀዋለሁ እኔ። በዓይን የምታየው ነገር አይደለም። ግን አንዳንድ ሳምንት ሁሉም ታካሚ ከልክ በላይ ይጎዳል፣ አንዳንድ ሳምንት ማንም ምንም አይሆንም። ነርስ ያስተውላል። ግን በምን ታስረዳለህ?

እኔ፦ በቢጫዋ ፎርም። የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ያዘጋጃት። መድኃኒቱን፣ የምርት ቁጥሩን፣ የደረሰውን ጉዳት፣ መድኃኒቱ ሲቆም ጉዳቱ ተወ ወይስ ቀጠለ፣ ሁሉን ትጠይቃለች። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2008 የዓለም የመድኃኒት ደኅንነት ክትትል መርሐ ግብር አባል ስለሆነች፣ ሪፖርቱ ስዊድን፣ ኡፕሳላ ድረስ ሄዶ ከ30 ሚሊዮን በላይ ሪፖርት ካለበት ክምችት ጋር ይቀላቀላል። እርስዎ ስንት ሞልተዋል?

ሲስተር፦ ልዋሽህ? በሠላሳ ዓመት ሦስት። ሦስቱም በመርፌው ላይ ሰውነታቸው ያበጠ፣ ትንፋሽ ያጠራቸው ናቸው፤ የሚያስደነግጠውን። የምርት ቁጥሩን ልሞላ ስፈልግ ብልቃጡ ተጥሏል። ለትኩሳቱ፣ ለአፍ ቁስሉ፣ ለእግር መደንዘዙ አንድም አልሞላሁም። «ጉንዳን የሚሄድብኝ ይመስለኛል» ትልሃለች፣ «የኪሞው ነው፣ ይተውሻል» ትላታለህ። የማይተዋቸውም ነበሩ።

እኔ፦ ሌላው ችግር ቢጫዋ ፎርምና የእኔ መዝገብ አይተዋወቁም። በሁለት ቋንቋ ነው የሚያወሩት። አይሲዲ 11 እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ሲውል ይህንን ነው ለማስታረቅ የሞከረው። ጉዳቱን፣ ያመጣውን ነገርና የመጣበትን መንገድ ባንድ ላይ አስረህ ጻፍ ይላል፤ የመድኃኒቱን ስም ሳይቀር። እኛም በእሱ ላይ የተመሠረተ፣ ለአገራችን ያጠረ ቅጂ አለን።

ሲስተር፦ ሲያሳጥሩ ጅራቱን እንዳይቆርጡት ነው። የመድኃኒቱ መስመር ጅራቱ ላይ ነዋ ያለችው።

እኔ፦ እኔ ደግሞ ለእንግዳዎ ልብ ነው የምፈራው።

ሲስተር፦ የቀዩን ነገር ነው? ልክ ነህ። ቀዩ መድኃኒት ልብን የሚነካው ቆይቶ ነው፤ በዓመቱም፣ በአሥር ዓመቱም። በእድሜ ልክ የሚወሰደው ድምሩ በካሬ ሜትር የሰውነት ስፋት ከ450 እስከ 550 ሚሊግራም ሲደርስ አደጋው ይገዝፋል። ለዚህ ነው እኔ ደብተሯ ላይ እየደመርኩ የምጽፍላት። አንድ ቀን አገሯ እያለች ዳገት ሲያደክማት፣ እግሯ ሲያብጥ፣ የሚያያት ሐኪም «ደም ግፊት ነው» ከማለቱ በፊት ደብተሩን ቢያገኘው ብዬ። ደብተሩን አይጥ ካልበላው።

እኔ፦ ያኔ ካርዷ ላይ የሚጻፈው አይ 42.7 ነው፤ በመድኃኒት የተጎዳ የልብ ጡንቻ። የሚጻፍ ከሆነ።

ሲስተር፦ ደብተር፣ ደብተር… ቆይ፣ ሰዓቱ ደርሷል።

(በዚህ ጊዜ ፈጥነው አልወጡም። ሲወጡ ነጠላቸውን አጣፍተው ነበር፣ ቴርሞሜትሩ በእጃቸው ነው።)

ሲስተር፦ 38.4። መኪና ጥራ።

እኔ፦ ጠራሁ። አራት ደቂቃ ይላል።

ሲስተር፦ ደብተርህን አውጣና አንድ ወረቀት ቅደድ። እኔ ስንደርስ ሻንጣና ልጅቷን እይዛለሁ፣ ወረፋው ላይ ማን ምን እንደሚጠይቀኝ አይታወቅም። ጻፍ። ኪሞ የወሰደችበትን ቀን። ከሥሩ፣ ዛሬ አሥረኛው ቀን።

እኔ፦ እሺ።

ሲስተር፦ የመድኃኒቶቹ ስም። የስንተኛ ዙር እንደሆነ። 38.4፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ከሩብ። ፓራሲታሞል አልወሰደችም።

እኔ፦ «ታይፎይድ አይደለም» ብዬ ልጨምርበት?

ሲስተር፦ በጭራሽ። ሐኪም እንዲህ ሲባል ይናደድና አንተኑ ታይፎይድ ያደርግሃል። ቀኑን ብቻ ከላይ አድርገው፣ ትልቅ አድርገህ። ቆጥሮ ራሱ ይደርስበታል።

እኔ፦ ብልቃጡስ? የምርት ቁጥሩ?

ሲስተር፦ ብልቃጡን የት አመጣልሃለሁ፣ እዚያው ተጥሏል። ካርቶኑ ግን አለ፤ ከውጭ ፋርማሲ ስንገዛ የሰጡን። ቁም ሳጥኑ ላይ፣ ከደረሰኙ ጋር። ሮጥ ብለህ አምጣው።

(ካርቶኖቹን ይዤ ስወጣ እንግዳዋ በሩ ላይ ተደግፋ ቆማለች። ጋቢው ውስጥ ትንቀጠቀጣለች። በአንድ እጇ ራሷን ሸፍናለች።)

እንግዳዋ፦ እታለም፣ ሻሼን። ሻሼን የት አደረግሽው?

ሲስተር፦ ይኸው። አብሽሪ፣ እሰሪው። ሐኪሙ ፊት ስንደርስ ግን ትፈቺዋለሽ።

መኪናው ወደ መገናኛ ቁልቁል ሲወርድ፣ በስልኬ መብራት ከካርቶኑ ጎን ያሉትን ደቃቅ ቁጥሮች እየገለበጥኩ ነበር።